የተዋጠችው «ሀ»

አጅባር መናኸሪያ ከመንጋቱ በፊት የሚሞቀው በረዳቶች ጩኸት ነው። የሳይንቱን አጅባር ነው የምላችሁ እንጂ የተንታውን አይደለም። ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 2012 ዓ.ም. ነበር። ውርጩ የመኪናውን መስታወት ነጭ አልብሶታል፤ ሾፌሩ ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ እያመጣ ያፈስበታል። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ «አቀስታ! ጉጉፍቱ! ደሴ! የለጋምቦ ሰው ቶሎ ግባ!» ይላል። እኔ በጋቢዬ ተጀቡኜ መስኮት ዳር ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያሉት ሰውዬ የጠቀለሉትን ባና ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ ደሴ ወስደው ሊሸጡት ነው።

«አባባ፣ ለጋምቦ ማለት ግን ምን ማለት ነው?» አልኋቸው።

ዞር ብለው አዩኝና «ለጋምቦማ ለጋምቦ ነዋ!» አሉ። ከኋላ ያለው ወጣት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ በጠዋቱ የሚያሾፍባቸው ሰው ያገኙ መስሏቸው ባናቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ለጋምቦና ለጋሂዳ የሚጀምሩት በዚሁ ነው። «ወረ» ወገን፣ የእገሌ ቤት ሰው እንደ ማለት ነው፤ ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ። «ቱሉ» ኮረብታ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የተተከለባት ቱሉ አውሊያ ግማሽ ስሟ ኦሮምኛ፣ ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ ነዋሪዋ ግን የሚገበያየውም የሚጣላውም በአማርኛ ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ ወረኢሉ ወሬ የሚበዛበት አገር ይመስለኝ ነበር። ትርጉሙን የነገረኝም፣ ያረመኝም ሰው አልነበረም።

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወሎ ላይ የሰፈሩት የኦሮሞ ጎሳዎች ስማቸውን በምድሩ ላይ ጽፈውት ቀርተዋል። መካነ ሰላምን ዋና ከተማው ያደረገው ወረዳ ቦረና ይባላል። ከጎኑ ያለው የእኛው ደግሞ አማራ ሳይንት። አንዱ በቦረና ስም፣ ሌላው በአማራ ስም እየተጠራ፣ የሁለቱም ልጆች የሚናገሩት አንድ ዓይነት አማርኛ ነው፤ «ከቤት» ለማለት «ኸቤት» ይላሉ፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ማጽናኛው «አብሽር» ነው። በየትኛው ትውልድ ላይ ኦሮምኛው እንደቆመ፣ የትኛዋ እናት ለልጇ በመጨረሻ «ኮቱ» ብላ እንደጠራች የሚናገር ሽማግሌ አላገኘሁም። የጠየቅኋቸው ሁሉ የመለሱልኝ የባናው ባለቤት እንደመለሱልኝ ነው።

ይህን ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ የከተተችው ስዊድን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እታለም» ነው የምላት፤ እሷም «ወንድምዓለም» ትለኛለች። አጅባር ተወልዳ፣ ደሴ ተምራ፣ በሱዳን በኩል ወጥታ፣ በስንት መከራ የደረሰችው ሃፓራንዳ የምትባል፣ በስዊድን ሰሜን ምሥራቅ ፊንላንድ ድንበር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ነው። ከወንዙ ማዶ የፊንላንዷ ቶርኒዮ አለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት ስላለ «ድልድዩን ስሻገር አንድ ሰዓት ይጠፋብኛል፣ ስመለስ ይመለስልኛል» ትላለች። ሥራዋ አረጋውያን መንከባከብ ነው።

ሥራ የጀመረች ሰሞን እንዲህ ሆነ። ሦስት ዓመት ለፍታ ስዊድንኛ ለምዳለች፣ ፈተናውንም አልፋለች። አንዲት የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አሮጊት እንድትረዳ ተመደበች። አሮጊቷ የምትላቸውን አይሰሟትም። ጮክ አለች፤ አልሰሟትም። ጆሯቸው እንደሆነ ደህና ነው። ከዚያ በማታውቀው ቋንቋ «አይቲ፣ አይቲ» እያሉ ማልቀስ ያዙ። ደንግጣ ባልደረባዋን ጠራች። ባልደረባዋ «እናታቸውን እየጠሩ ነው። ስዊድንኛው ከአእምሯቸው ወጥቷል። ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩት ስለሆነ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው» አለቻት።

«ወንድምዓለም፣ ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁበት ቋንቋ ለካ ለእሳቸውም የተማሩት ነው» ብላ ነበር በስልክ የነገረችኝ። ድምጿ ውስጥ ሳቅም ለቅሶም ነበረበት።

የአሮጊቷ ቋንቋ ሜአንኪየሊ ይባላል። ቃሉ በእነሱው አፍ «የእኛ ቋንቋ» ማለት ነው። ሕዝቡ የቶርኔ ሸለቆ ሰዎች ናቸው፤ በቶርኔ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊንላንድኛ እየተናገሩ ለዘመናት የኖሩ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች። እ.ኤ.አ. በ1809 ስዊድን በጦርነት ተሸንፋ ፊንላንድን ለሩሲያ ስታስረክብ ድንበሩ ወንዙ ላይ ተሰመረ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድስ የነበረ ሰው ማዶና ማዶ ሆነ። በስዊድን በኩል የቀሩት ሰዎች ቋንቋ የጠላት አገር ቋንቋ ተባለ። ከ1888 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸው በስዊድንኛ ብቻ እንዲያስተምሩ ተደረገ፤ ልጆች በእረፍት ሰዓት እንኳ በእናታቸው ቋንቋ ቢያወሩ ይቀጡ ነበር። ይህ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ዘለቀ። የዘር ጥናት ነን የሚሉ ሐኪሞች መጥተው ጭንቅላታቸውን ለክተዋል። የአክስቴ ልጅ የምትረዳቸው ሰዎች ያኔ ተማሪ የነበሩት ልጆች ናቸው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ቅጣቱ አልነበረም። ልጅን በቋንቋው መቅጣት በዓለም ሁሉ ያለ ነውር ነው። ያስደነቀኝ ሜአንኪየሊ የተመታው ከሁለት ወገን መሆኑ ነው። ስዊድኖች «ይህ የውጭ ቋንቋ ነው» ሲሉት፣ ከማዶ ያሉት ደግሞ «ይህማ የፊንላንድኛ ዘዬ ነው፤ ያውም ያረጀና ስዊድንኛ የተቀላቀለበት» ይሉታል። ለአንዱ ጭራሽ ባዕድ፣ ለሌላው የተበላሸ የራሱ ንግግር። ተናጋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ማኅበር አቋቋሙ፣ መጻፍ ጀመሩ፣ ተከራከሩ፤ ሚያዝያ 2000 ላይ ስዊድን ከአይሁዶች፣ ከሮማዎች፣ ከሳሚዎችና ከስዊድን ፊንላንዳውያን ጋር አምስተኛ ብሔራዊ አናሳ ሕዝብ ብላ በሕግ ተቀበለቻቸው። ከ2010 ወዲህ ያለው ሕግ በአካባቢያቸው ያሉ አረጋውያን ቋንቋቸውን በሚያውቅ ሰው የመረዳት መብት ይሰጣቸዋል። ያች የአጅባር ልጅ ዛሬ «ቡና ልጨምርልዎ?» «በርዶዎታል?» የሚሉትን በሜአንኪየሊ ትላለች። «ከስዊድንኛው ይልቅ የሚያስቀኝ እሱ ነው» ትላለች።

«ወንድምዓለም፣ እኛስ ጋ እንዲህ ያለ የለም?» ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው «የለም» ነበር። ከዚያ አሰብሁ።

ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት ለለቅሶ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ከከተማው ወጥቶ ወደ ጉንደ ወይን የሚወርደው መንገድ ላይ ቆም ያለ ሰው የአባይን በረሃ ያያል፤ ማዶ ጎጃም ነው። ያን ማዶ እያየሁ የማስበው ስለ ጋፋት ነው። ጋፋት የአማርኛ ዘመድ፣ ሴማዊ ቋንቋ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል፤ ጽሑፉ ዛሬ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ጋፋትኛ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ጎጃም ወጣ። ያገኘው አራት ሰው ነው። ከእነዚያ አራት ሰዎች አፍ ለቅሞ የጻፈው ሰዋስው ዛሬ የቋንቋው መቃብር ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ጋፋትን ማንም በዐዋጅ አልከለከለም። ጎረቤቱ አማርኛ ነበር፣ ገበያው አማርኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግዕዝና አማርኛ፤ ሰውየው ሁለቱንም የሚያውቅ ሆነ፣ ልጁ አንዱን ብቻ። መካነ ሰላም ለቅሶ ቤት ይህን ለአንድ መምህር ባጫውታቸው «ታዲያ ምን ጎደለ? ሰዎቹ አሉ አይደል?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም፤ ዛሬም ቢሆን አጥጋቢ መልስ አለኝ አልልም።

እንግዲህ የሌስላውን ስም ያነሳሁት ለሌላም ነው። ይኸው ሰው አርጎብኛንም አጥንቷል፤ የአርጎብኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አርጎብኛ ከሴማዊ ቋንቋዎቻችን ሁሉ ለአማርኛ የሚቀርበው ነው። ከጋፋት የሚለየው ደግሞ ዛሬም በሕይወት ያለ መሆኑ ነው፤ ከአጅባር ተነስቶ በአንድ ቀን ተኩል የሚደረስበት። ለዚህ ነው የተሳፈርሁት።

መንገዱ ከአቀስታ በኋላ ብርድ ብቻ ነው። ጅብራው እንደ ዘበኛ በየዳገቱ ቆሟል፤ ገብሱ ታጭዶ ክምሩ ብቻ ቀርቷል፤ በስተኋላችን አምባ ፈሪት ጉም ለብሷል። ከደሴ በሀረጎ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢዬን አጣጠፍሁ። ሐርቡን አልፈን የቦርከናን ውሃ ተከትለን የጨፋን ሜዳ ስንይዝ የጃኬቴንም ቁልፍ ፈታሁ። ከሚሴ ገባን። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናትና የሱቆቹ ስም በሁለት ፊደል ተጽፏል። ሻይ ቤት ተቀምጬ ኦሮምኛ ስሰማ የሆነ ነገር ተሰማኝ፤ አስተናጋጁ «ቢሻን» ብሎ ውሃ ሲያዝ ቃሉን አወቅሁት እንጂ ሌላውን አልሰማሁም። የእኔ ወረዳ ስሞች እዚህ ትርጉም አላቸው። ለጋ እዚህ የሚፈስ ውሃ ነው።

ሾንኬ ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ዳዋ ጨፋ ውስጥ፣ ተራራ ጫፍ ላይ የተሠራ የድንጋይ መንደር ነው። በእግር ነው የሚወጣው። አብሮኝ የወጣው የከሚሴ አስተማሪ የአርጎባ ተወላጅ ነው፤ እኔ ሦስቴ ስቀመጥ እሱ አንዴም አልተቀመጠም። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው፣ የአንዱ ጣሪያ ለሌላው በረንዳ እየሆነ፣ ገደሉን ተከትለው ይወርዳሉ። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው። ሾንኬ በወሎ የእስልምና ታሪክ የታወቀች የትምህርት ቦታ ናት፤ ሸህ ጀውሀር ሐይደርን የመሰሉ ትልቅ ሊቅ የኖሩባት። አርጎቦች የድሮው የይፋት ሱልጣኔት ሕዝብ፣ ነጋዴና ሸማኔ ናቸው፤ አንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ጨውና ቡና ሲመላለስባት የነበረች የእነሱ ገበያ ናት። ስማቸው «አረብ ገባ» ከሚለው የመጣ ነው የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ አላምንበትም። ከአማርኛ ጋር እንዲህ የሚቀራረብ ቋንቋ የሚናገር ሰው ከየት መጣ ብሎ ባሕር ማዶ መፈለግ፣ እንግዳ የማድረግ አንዱ ዘዴ ነው።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሁለት ልጆች ገበጣ ይጫወታሉ። እኛን አላዩንም። ትልቁ ጠጠሩን እየጣለ ይቆጥራል። የመጀመሪያውን ሲጥል «ሀንድ» አለ።

ቆምሁ። በደንብ ሰምቻለሁ። አንድ ሳይሆን ሀንድ። ቀጥሎ የቆጠረውን ሳልይዘው ቀና ብሎ አየኝ። ጠጠሩን ሰብስቦ እንደገና ጀመረ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

ማንም አልገሠጸውም፣ ማንም አልመታውም። ባለ ጃኬት ሰው ሲያይ ቋንቋውን እንደ ሸሚዝ ቀየረ። አስተማሪው ፈገግ አለና «እንግዳ ስለሆኑ ነው፤ እንዲገባዎት ብሎ ነው» አለኝ። ትሕትና ነው። ልጁ ያደረገው ነገር በምንም መንገድ ክፋት አልነበረውም፤ ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ልጅ ሳለን የቃል ጽሕፈት የሚባል መከራ ነበረብን። መምህሩ «ሕዝብ» ይላሉ፤ እኛ እንጽፋለን። በሃሌታው ሀ የጻፈ እጁን ይዘረጋል። በሐመሩ ሐ ነው። «ኀይል» ይላሉ፤ በብዙኃኑ ኀ። ሦስቱንም በአንድ ድምፅ እያነበቡልን በየትኛው እንደምንጽፍ እንድናውቅ ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን አንድ ደፋር ልጅ «ጋሼ፣ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ?» ብሎ ጠየቀ፤ እሱም እጁን ዘረጋ። በግዕዝ ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ ልዩነታቸውን አጠፋ፤ በብዙ ቃልም ድምፁን ጨርሶ ዋጠ። ግዕዝ «አሐዱ» ያለውን አማርኛ «አንድ» ሲል ሐ ጠፋች። ያች የጠፋች ሐ፣ እጃችን የተገረፈባት፣ ሾንኬ ላይ በገበጣ ተጫዋች ልጅ አፍ ውስጥ ሀ ሆና ተቀምጣለች።

የገባንበት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ያመጣሁትን ቡናና ስኳር ተቀብለው መረቁኝ። ሦስት ቋንቋ ይናገራሉ፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አርጎብኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል።

«አባ፣ ቋንቋችሁን ሰው ምን ይለዋል?» አልኋቸው።

«ምን ይለዋል? የተበላሸ አማርኛ ይለዋላ!» ስኒውን አስቀመጡ። «ወጣት ሳለሁ ደሴ ሄጄ አንዱ ሱቅ ገብቼ ተሳስቼ በእኛ ቃል ብናገር ባለሱቁ ሳቀብኝ። ‹አፍህ ተኮላትፏል› አለኝ። እኔም ዝም አልሁ። ዛሬ ቢሆን ግን የምለውን አውቀው ነበር።»

«ምን ይሉት ነበር?»

«ሀን የበላችኋት እናንተ ናችሁ፤ እኛ አልኮለተፍን!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቡና የሚያፈሉት እናት «አብሽር፣ አብሽር» ይሉኛል፤ የተሰደብሁ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ሌላ ትዝ ብሎኝ ነበር። ለትምህርት አዲስ አበባ በገባሁበት ዓመት «ኸወሎ ነው የመጣሁት» ብዬ ክፍል ሙሉ ተማሪ እንደሳቀብኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ኸን ከአፌ ለማውጣት እንደታገልሁ። አወጣኋት። አጅባር ስሄድ ትመለሳለች፣ ደሴን ሳልፍ ትጠፋለች። እኔ በአንዲት ፊደል ያፈርሁትን እሳቸው በመላ ቋንቋቸው እንዲያፍሩ ተደርገዋል።

ስለ ቋንቋ ሕጉም አነሳን፤ አስተማሪው ያውቀዋል። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ ሌላ ስም አይጠራም። ሐምሌ 1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደርግ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፤ እናቴ አጅባር ላይ ፊደል የቆጠረችው ያኔ ነው። አርጎብኛ ከ15ቱ ውስጥ አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩል የመንግሥት እውቅና ይኖራቸዋል ይላል፤ አንቀጽ 39 ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 54 ደግሞ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 ያላነሰ መቀመጫ ይጠብቃል። ወረቀቱ ላይ ስዊድን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2000 ላይ የደረሰችበትን እኛ ቀድመን ጽፈነዋል። አርጎባም በአማራ ክልል የራሱ ልዩ ወረዳ አለው።

በ1987ቱ ቆጠራ አርጎባ ነኝ ያለው ወደ 63 ሺህ ሰው ነበር፤ አርጎብኛ አፌን የፈታሁበት ነው ያለው ግን 11 ሺህ እንኳ አይሞላም። በ1999ኙ ቆጠራ አርጎባ ነኝ ያለው 140 ሺህ ገደማ ደረሰ። በ12 ዓመት ውስጥ ሕዝብ እንዲህ በወሊድ አይበዛም። ቀድሞ አማራ ወይም ኦሮሞ ተብሎ ሲቆጠር የነበረ ሰው ስሙን አስመለሰ ማለት ነው ብዬ እገምታለሁ። ደስ ይላል። ስም ግን በመዝገብ ይመለሳል፤ ቋንቋ የሚመለሰው በአፍ ነው። ሐረር አካባቢ ያሉት አርጎቦች ስማቸውን እንደያዙ ወደ ኦሮምኛ ተሻግረዋል።

በስዊድኑና በእኛ መካከል ያለውን ልዩነት ከሾንኬ ስወርድ ሳሰላስል ነበር። እነሱ ልጁን ገረፉት፤ ስለገረፉትም ዛሬ የሚጠየቅ አካል አለ። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ የአክስቴ ልጅ ደውላ «የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑ ጨረሰ» አለችኝ፤ የቶርኔ ሸለቆ ሰዎች ላይ የደረሰውን በደል ያጣራው ኮሚሽን የመጨረሻ ሪፖርቱን ያስረከበበት ሰሞን ነበር። የምትረዳቸው ሽማግሌዎች ቴሌቪዥኑን ከበው አዩት። አንዱ «ዘገያችሁ» ብለው ተነስተው ሄዱ አለችኝ። እኛ ጋ ግን ለገበጣው ልጅ ማን ይከሰስለታል? ባለሱቁ? ክፍል ሙሉ ተማሪው? ወይስ ጃኬት ለብሼ ከፊቱ የቆምሁት እኔ? አማርኛ ለአርጎብኛ ትልቅ ወንድም ነው፤ የትልቅ ወንድም ጥፋት ደግሞ የሚናገረው ሁሉ የሚገባ መሆኑ ነው። ስለሚገባ ታናሹ ቋንቋ ዘዬ ይባላል፣ ዘዬ ስለተባለ መጽሐፍ አይጻፍለትም፣ መጽሐፍ ስለሌለው ልጁ እንግዳ ሲያይ ይቀይረዋል። የከሚሴው አስተማሪ ይህን ስለው «እኛም እኮ ከቤታችን እየቀየርነው ነው» አለኝ። ልጆቹ ከሚሴ ተወልደው አርጎብኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ደርሷል፤ ሾንኬን ደግሜ አላየሁም። ከአስተማሪው ጋር ግን እንደዋወላለን። በስልኩ የሽማግሌውን ድምፅ መቅዳት ጀምሯል፤ ተረት፣ ምርቃት፣ የዘር ሐረግ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ነው፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ እኛ ጋ ነው። የቋንቋ ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ አጣሁ ሲል ብሰማ ከሚሴ ድረስ የትራንስፖርቱን እኔ እችለዋለሁ።

የሳይንትና የቦረና፣ የለጋምቦና የወረኢሉ ልጆች ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሰፈራችሁ ያለውን የወንዝ፣ የኮረብታ፣ የማሳ ስም ለታላላቆቻችሁ አንብቡላቸውና ትርጉሙን ጠይቁ። የባናው ባለቤት እንደመለሱልኝ ቢመልሱላችሁም ስሙን እንደሚጠሩት አድርጋችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ኦሮምኛ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። እኔ ከአጅባር ዙሪያ 31 ስም ጽፌያለሁ። የ14ቱን ትርጉም የነገረኝ የከሚሴው ሻይ ቤት አስተናጋጅ ነው።